ከብርሃኑ አድራሻ

ሽንኩርት ሊያጠጡ በማለዳ የወረዱ ገበሬዎች ውሃው ለምን እንደቀነሰ ለማየት ቦዩን ተከትለው ወጡ። ከትንሿ የሲሚንቶ ድልድይ ሥር ሬሳ ውሃውን ዘግቶ ተኝቶ ነበር። ፊቱን ሲያዞሩት አንዱ ገበሬ አወቀው። በሸዋ ሮቢት የዩኒቨርሲቲ ግቢ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ የነበረው ብርሃኑ ነው። ቤተሰቦቹ ከተራራው ሥር ባለች የቀወት መንደር ይኖራሉ።

ኢንስፔክተር አሪፋ ስትደርስ ድልድዩ ላይ ቆማ ግራና ቀኙን አየች። በአንድ በኩል የግቢው አጥር፣ በሌላው በኩል የመምህራን መኖሪያ ቤቶች ይታያሉ። በመሃል ከዚህ አቋራጭ ሌላ መንገድ የለም። አሪፋ የካራቆሬ ልጅ ናት፤ ንግግሯ ቁጥብ ነው፤ ሰው ሲያወራት ከአፉ ይልቅ እጁን ታያለች።

ሐኪሙ የልጁን የኋላ ራስ ከመረመረ በኋላ «ሲወድቅ ድንጋይ መትቶት ይሆናል፤ ሰው ገፍቶትም ይሆናል። ቁስሉ ይህን አይነግረኝም» አለ።

ከተማው ግን የሐኪም ቃል አልጠበቀም። ባለፈው ምሽት ከብርሃኑ የዩኒቨርሲቲ ኢሜይል ለመምህራኑና ለክፍል ጓደኞቹ በሙሉ አንድ ደብዳቤ ደርሷል። «በራሴ ፈቃድ ያደረግሁት ነው። ማንም እንዳይጠየቅ። እናቴ ይቅር ትበለኝ» ይላል። ጠዋት ደግሞ፣ ሬሳው ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ፣ የተማሪዎቹ ኢሜይል ሲከፈት ከብርሃኑ ስም ጎን አረንጓዴ ነጥብ በርቶ ታየ። አሁን ኢሜይሉን ከፍቷል ማለት ነው። ነጥቡ ጥቂት ቆይቶ ጠፋ። ከዚያ ወዲያ የሴቶቹ ዶርም ውስጥ ብቻዋን ክፍሏ የምትገባ አልተገኘችም።

የመንደሩ ቄስም ደብዳቤውን ተማሪዎች አሳይተዋቸው አንብበውት ነበር። ክፉ ሰው አልነበሩም።

«ኢንስፔክተር፣ ልጁን ያቆረብኩት እኔ ነኝ» አሏት። «ግን ነፍሱን በገዛ እጁ ላጠፋ ፍትሐት የለም። ቃሉን ደግሞ ራሱ ጽፎታል። እኔ ምን ላድርግ?»

«እስከ ነገ ጠዋት ይጠብቁኝ።»

«ሙቀቱን ታውቂዋለሽ። ከነገ ጠዋት አያልፍም። ወይ በፍትሐት ይቀበራል፣ ወይ ያለ ፍትሐት።»

የብርሃኑ እናት እትዬ ብርቱካን ይህን ሲነጋገሩ ከሆስፒታሉ የኒም ዛፍ ሥር ተቀምጣ ትሰማ ነበር። አላለቀሰችም። ስልኳን ጆሮዋ ላይ አድርጋ አንዲት አጭር ድምፅ ደጋግማ ታዳምጣለች። አሪፋ ስትጠጋ የወጣት ሳቅ ተሰማት። «እማዬ፣ ማሾውን ብቻሽን እንዳትወቂ። ወገብሽ ሲታመም እኔን ነው የምትሰድቢኝ። ቅዳሜ እመጣለሁ።»

«መቼ የላከልዎት ነው?» አለች አሪፋ አጠገቧ ተቀምጣ።

«ከትናንት ወዲያ።»

«ጽሑፍስ ይልክልዎታል?»

«ማንበብ አልችልም፤ ያውቃል። ሲቆጣም ሲስቅም በድምፁ ነው።» እትዬ ብርቱካን ስልኩን ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። «ስሰማው እዚህ ከኋላዬ የቆመ ይመስለኛል። ዞሬ አያለሁ። ያስፈራኛል፣ እህቴ። ግን ማቆም አቃተኝ።»

አሪፋ ከዚያ ተነስታ ወደ ግቢው ስትሄድ የልጁ ሳቅ አብሯት ሄደ። በቀትር፣ ሰው በሌለበት መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ዞራ አየች።

የግቢውን ኮምፒውተር ክፍልና የተማሪዎቹን ኢሜይል የሚመራው መምህር ፍቅሩ ነው። ጠረጴዛው ላይ አንዳች የተዝረከረከ ነገር የለም።

«ደብዳቤው የእሱ ለመሆኑ ጥርጥር የለም» አላት። «ዘንድሮ ተማሪ ከግል ኢሜይሉ ቢጽፍልን አንቀበልም። ምዝገባው፣ ውጤቱ፣ የውጭ ዕድሉ ሁሉ በዩኒቨርሲቲው አድራሻ ብቻ ነው። ስለዚህ ከአድራሻው የወጣ ነገር ፊርማ ነው፤ ከተማሪው አፍ እንደወጣ እንቆጥረዋለን።»

«ተማሪዎቹ ለመዱት?»

«ሁሉም። እያንዳንዱ የራሱን ራሱ ይከፍታል። መጀመሪያ አጉረምርመው ነበር፤ አሁን ዋናው ግቢ እንኳን ከእኛ ተማሩ ይላል።»

«ፓስወርድ የጠፋበት ልጅስ ምን ያደርጋል?»

«እኔ ጋ ይመጣል። ከእኔ በቀር የሚነካው የለም።»

«ዛሬ ጠዋት የብርሃኑ ስም ጎን መብራት በርቶ ነበር ይላሉ።»

መምህሩ መነጽሩን አወለቀ። ሊጠርገው ያወጣውን ጨርቅ መልሶ ኪሱ ከተተው። «ሲስተሙ አንዳንዴ ይዘገያል። ልጆቹ ደግሞ ጂን ይፈልጋሉ» አለ።

የብርሃኑ የዶርም ጓደኛ ታደሰ ፍራሹን ኮሪደር ላይ አውጥቶ ተገኘ። ክፍሉ ውስጥ የብርሃኑ አልጋ እንደተነጠፈ ነው። ከታደሰ አልጋ ሥር አዲስ ሻንጣ ይታያል።

«ጉዞ አለህ?»

«ህንድ፣ ለስልጠና።» ልጁ አፈረ። «ዕድሉ የብርሃኑ ነበር። እኔ ተጠባባቂ ነኝ። እሱ አልፈልግም ብሎ በኢሜይል መለሰላቸው።»

«ራሱ ነገረህ?»

«ጋሼ ነው የነገረኝ… መምህር ፍቅሩ ማለቴ ነው።»

አሪፋ ሌላው ተማሪ ሁሉ «መምህር» ሲለው ሰምታለች። እጆቹን አየች። ታደሰ እጆቹን ከኋላው ደበቀ።

«የእናቴ ወንድም ነው። እዚህ እንዲታወቅ አልፈልግም፤ ያለዚያ ጥሩ ውጤት ባመጣ አጎቱ ሰጠው ይሉኛል።»

«ብርሃኑ ትናንት እንዴት ነበር?»

«ሊመሽ ሲል ከአዲስ አበባ ተደወለለት። ‹እኔ መቼ እንቢ አልኩ?› ሲል ሰማሁት። ስልኩን ዘግቶ ‹አንተ ነህ አይደል?› አለኝ። ወላዲቷን፣ አልነካሁትም አልኩት። በሩን ወርውሮ ወጣ።» ታደሰ ወደ ባዶው አልጋ አየ። «ትናንት ሌሊት ሲገላበጥ ነበር፣ እትዬ። አልጋው ሲንቋቋ ሰማሁት። ይቅር እንዳላለኝ ነው።»

አሪፋ የደወለውን ቁጥር ድልድዩ ዳር ሣር ውስጥ ከተገኘው የብርሃኑ ስልክ አግኝታ ደወለች። ያነሳችው ሴት የስልጠናው አስተባባሪ ናት። አዎ፣ ከልጁ የዩኒቨርሲቲ አድራሻ ጨዋነት ያለው እምቢታ ደርሷታል። ግን ጎበዝ ልጅ ስለሆነ ቆጭቷት ደወለችለት። እምቢታውን ጨርሶ አያውቀውም ነበር። «እስከ ነገ ጠዋት ድረስ ቀድሞ የነበረውን ቦታህን ልይዝልህ እችላለሁ አልኩት» አለች ሴትዮዋ። «ያን ጊዜ የት እንደሚሄድ ነገረኝ። ‹ኢሜይሉን የሚያስተዳድረውን መምህር ጠይቄ እደውልልሻለሁ› ነበር ያለኝ። አልደወለም።»

ይህ ብቻውን ሰው አያስርም። መምህሩ «እኔ ጋ አልመጣም» ካለ ያከትማል። ደብዳቤው ደግሞ አሁንም የብርሃኑ ነው።

የክፍል ተጠሪዋን ሐምዲያን ካፍቴሪያው ጀርባ አገኘቻት። ስልኳን በሁለት እጇ ይዛለች።

«ኢሜይላችሁን ማን ይከፍታል?»

«እያንዳንዱ የራሱን ራሱ ይከፍታል» አለች ሐምዲያ፣ በቃሏ እንዳጠናች።

አንድ ተማሪ ሳህን ይዞ ሲያልፍ ሳይቆም ተጣራ። «ሐምዱ፣ ለኔ የመጣ ነገር አለ?»

«ለአንተ ማን ይጽፍልሃል፣ ሂድ ብላ» አለች ሐምዲያ እንደ ልማዷ። ከዚያ ያለችውን ሰምታ ደረቀች።

አሪፋ ከጠዋት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። «ፖስታ ቤቷ አንቺ ነሻ።»

«እትዬ፣ በአላህ… ከታወቀ ያባርሩናል። ፓስወርድ ለሌላ መስጠት ያስቀጣል።» ልጅቷ ድምፅዋን ቀነሰች። «ክፈቱ ሲባል የግማሹ ልጅ ስልክ ባለቁልፍ ነበር። ፓኬጅ ያለኝ እኔ፣ ኔትወርክ የሚይዘው የኔ። ለክፍሉ በሙሉ ከፈትኩ። ከዚያ በዚያው ቀረ። የመጣውን አነብና በቴሌግራም እነግራቸዋለሁ። መልስም ካለ እጽፍላቸዋለሁ። አብዛኛው የራሱን ፓስወርድ አያውቀውም።»

«ብርሃኑስ?»

«የእሱ የስልጠናውን መልስ ስንጠብቅ በድንገት አልከፍት አለኝ። ፓስወርዱ ተቀይሯል ይላል። ነገርኩት። ‹ተይው፣ ከፈለጉኝ ይደውሉልኛል› ብሎ ሳቀ። እኔ ነኝ ጥፋተኛዋ፣ እትዬ። ያኔ ተከታትዬ ባስከፍተው ኖሮ ይሄ ሁሉ…»

«ይህን አሠራር የማያውቅ ተማሪ አለ?»

«አንድም የለም። ዘበኞቹም ያውቃሉ።»

«መምህራኑስ?»

«እነሱ ቢያውቁማ አልቆልን ነበር።»

አሪፋ ያን ከሰዓት ለዋናው ግቢ ደብዳቤ ጽፋ አንድ ጥያቄ ጠየቀች። መልሱ በማግስቱ በማለዳ ደረሳት።

ሁሉንም ኮምፒውተር ክፍሉ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። እትዬ ብርቱካን በሩ አጠገብ ተቀመጠች። ቄሱ ከጎኗ ቆሙ። ሐምዲያና ታደሰ፣ ከእነሱም ጋር ጥቂት የክፍል ጓደኞች አሉ። መምህር ፍቅሩ የራሱ ወንበር ላይ ነው። በጠፉት ስክሪኖች ላይ የሁሉም ፊት እንደ ጥላ ይታያል።

«ሐምዲያ» አለች አሪፋ፣ «ስልክሽን ለመምህር አሳዪያቸው። ልጄ፣ በዚህ የሚቀጣሽ የለም፤ እኔ አለሁ።»

ሐምዲያ ስልኩን ዘረጋች። የክፍሉ ልጆች ስም በሙሉ፣ ኢሜይላቸው እንደተከፈተ፣ ተደርድሯል። መምህር ፍቅሩ ወደ ታች ወደ ላይ አደረገው።

«ይሄ ምንድን ነው? ይሄ ሁሉ… አንቺ ነሽ የምትከፍቺው?»

ከኋላ አንድ ልጅ ሳቁን በሳል ደበቀ።

«ልብ አላችሁ?» አለች አሪፋ። «እዚህ ክፍል ውስጥ የደነገጠ አንድ ሰው ብቻ ነው።»

ወደ ቄሱ ዞረች። «አባ፣ እርስዎ ደብዳቤውን የብርሃኑ ቃል ነው ብለው ያመኑት ከእሱ አድራሻ ስለወጣ ነው። እዚህ ካሉት ተማሪዎች ግን ማንም በሌላው ስም የስንብት ደብዳቤ ሊፈጥር ቢያስብ በኢሜይል አይልከውም። የክፍሉ ኢሜይል በሐምዲያ እጅ መሆኑን ያውቃል። ታደሰም ያውቃል። ብርሃኑ ራሱም ያውቃል፤ እናቱን ሊሰናበት ቢፈልግ በድምፁ ነበር የሚልክላት። ይህን ደብዳቤ የጻፈው ኢሜይል የተማሪው አፍ ነው ብሎ ከልቡ የሚያምን ሰው ነው። እንደዚያ የሚያምን ደግሞ ተማሪ አይደለም።»

«ሐምዲያ ልትልከው ትችል ነበር» አለ መምህር ፍቅሩ። «ይኸው፣ ሁሉንም ትከፍታለች።»

«የብርሃኑን አትከፍትም። ፓስወርዱ ተቀይሮባታል፤ የስልጠናው ደብዳቤ በሚጠበቅበት ሰሞን። ቀያሪው ብርሃኑ አይደለም፤ እሱ እንቢ መባሉን እንኳ በስልክ ነው የሰማው። ከእኔ በቀር የሚነካው የለም ያሉኝ እርስዎ ነዎት። ዋናው ግቢ ይህንኑ ጽፎልኛል፤ ፓስወርዱ የተቀየረው በእርስዎ ስም፣ ከዚህ ክፍል ነው። ትናንት ጠዋት የበራውም ጂን አይደለም። እምቢታውን ሊያጠፉ የገቡት እርስዎ ነዎት። አስተባባሪዋ ጋ የደረሰው ግን አልጠፋም።»

«ለምን ብዬ?»

አሪፋ ወደ ታደሰ አየች። ታደሰ ተነስቶ ቆሞ ነበር።

«ጋሼ» አለ፣ «እኔ መቼ ጠየቅሁህ?»

መምህር ፍቅሩ የመርማሪዋን ጥያቄ ሁሉ ችሎ ነበር፤ ይህችን ግን አልቻላትም። መነጽሩን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«አንድ ዕድል ነው አልኩ። ለብርሃኑ ሌላ ይመጣለታል፣ ጎበዝ ነው። ድልድዩ ላይ ጠብቆኝ ነበር። ‹አሁኑኑ ደውለህ እውነቱን ንገራት› አለኝ። ስልኩን አወጣ። ልቀማው ስል ያዘኝ፤ ገፋሁት። ድንጋዩ አገኘው። ወርጄ አየሁት። ይተነፍስ ነበር። ወደዚህ መጥቼ ጻፍኩ።»

ታደሰ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እትዬ ብርቱካን ተነስታ ወደ መምህሩ ጠረጴዛ ሄደች፤ በሩ ላይ የቆመ ፖሊስ ሊከለክላት ሲል አሪፋ በእጇ አስቆመችው።

«ሲተነፍስ አየኸው» አለች እናቲቱ። «ምን አለህ?»

መምህሩ ራሱን ነቀነቀ።

«ንገረኝ። የእኔ ነው።»

«‹እማዬ› ነበር የሚለው።»

እትዬ ብርቱካን ነጠላዋን ሰብስባ ያዘች። ሐምዲያ ሮጣ ደገፈቻት። ሁለቱ እንደተያያዙ ወደ በሩ መጡ።

ቄሱ መንገዱን አልለቀቁም ነበር። ጥምጥማቸውን በእጃቸው አስተካከሉ።

«ብርቱካን» አሉ፣ «ካህናቱ ፍትሐቱን ሲያደርሱ በዓለም ስሙ አይጠሩትም። የክርስትና ስሙን ለሁሉም ንገሪያቸው።»

«ኃይለ ገብርኤል» አለች።

«ኃይለ ገብርኤል» አሉ ቄሱ፤ ዞረውም ወደ ሆስፒታሉ በሚወስደው መንገድ ቀደሟት።