ብሎኗን ያላላች እጅ

ልብስ ሰፊዋ ከአሮጌ ዕቃ ተራ ያቺን ዝገት የበላት ትንሽ የእንፋሎት ሞተር ታቅፋ የገባች ዕለት እናቷ ራሷን ያዘች።

«የሰው ልጅ ባል ይዛ ትገባለች፤ አንቺ ቆርቆሮ ይዘሽ መጣሽ?»

«መዝናኛዬ ናት እማዬ። ጨርቅ ብቻ ሳይ ልሙት እንዴ?»

ሞተሯ ጭን ላይ የምትቀመጥ ናት፤ ውሃ የሚፈላባት በርሜል፣ ከሥሩ የአልኮል ኩራዝ፣ ከጎኑ መዘውር። ልብስ ሰፊዋ ዝገቱን በኮምጣጤ ፈትጋ፣ በስፌት መኪና ዘይት አለሰለሰቻት። ሆኖም ውሃው በፈላ ቁጥር እንፋሎቱ በቧንቧው መጋጠሚያ እያመለጠ መዘውሩ አልዞር አለ። ያን ጊዜ ከሱቋ ፊት ለፊት ያለውን ሰዓት ሠሪ ጠራችው።

ዝምተኛ ነው፤ ሲቀልድ እንኳ በለሆሳስ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት መጥቶ መጋጠሚያው ላይ ማስቲሽ ቀባ፣ ብሎኗን አጠበቀ።

«ይድረቅ። በሚቀጥለው ቅዳሜ እንሞክራታለን» አላት። በሩ ላይ ደርሶ ዞር ሲል ዓይን ለዓይን ተጋጩ።

ሞተሯ ከሠራች ምን ብሎ ይመጣል? ልብስ ሰፊዋ የስፌት መኪናዋን ካቻቢቴ አንስታ ብሎኗን በትንሹ አላላቻት።

ቅዳሜ እንፋሎቱ እንደገና አመለጠ። እሱ ማስቲሽ ቀብቶ ያጠብቃል፣ «ይድረቅ» ብሎ ይሄዳል፤ እሷ ታላላለች። ክረምቱ በዚህ አለፈ። እሷ ከቅዳሜ እስከ ቅዳሜ በደስታ ትፍነከነካለች፤ የሱ ሳቅ እየቀነሰ መሄዱን ግን ልብ አላለችም።

አንድ ቅዳሜ የዕቃ ቦርሳውን ሳይዝ መጣ።

«ሱቁን ለቅቄያለሁ። ታላቅ ወንድሜ ያለበት ከተማ ልሄድ ነው፤ የመጋዘን ጥበቃ ሥራ አግኝቶልኛል።»

«ምን ሆንክ?»

«አባቴን በኔ ዕድሜ ነው እጁ የከዳው። መጀመሪያ ብሎን ማጥበቅ አቃተው፣ ቀስ በቀስ ማንኪያ መያዝም። የኔም ያው ነው፤ ይቺን አንዲት ብሎን እንኳ... እናትሽን ላነጋግር አስቤ ነበር። አሁን ግን ምን ይዤ?»

የስፌት መኪናዋን ካቻቢቴ አንስታ ዘረጋችለት።

«እጅህ ምንም አልሆነም። እኔ ነኝ የማላላት።»

«ምን?»

«እንድትመጣልኝ ብዬ ነው። ከተሠራች የምትቀር መስሎኝ።»

አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻላት ነበር። ካቻቢቴውን ተቀብሎ ብሎኗን አጠበቀ፤ ኩራዙን ለኮሰ። ውሃው ፈላ። መዘውሩ አንዴ ተንገዳገደና መዞር ጀመረ፤ እየፈጠነ ሄደ። እሱ ግን የሚያየው እጁን ነበር።

«ክረምቱን ሙሉ ጠዋት ጠዋት እጄን ዘርግቼ ይንቀጠቀጥ እንደሆን አያለሁ» አለ። «እናቴ እያየችኝ ታለቅሳለች። አንቺ እዚህ ትስቂ ነበር።»

«አላወቅኩም። እባክህ አትሂድ።»

«አለማወቅሽ ይገባኛል። እወድሻለሁም። ግን ቤታችን ውስጥ አንድ ነገር በተበላሸ ቁጥር አንቺን ልጠረጥር ነው። እንዲህ ሆነን እንዴት እንኖራለን?»

ሄደ።

ከወራት በኋላ እናቷ ከገበያ ወሬ ይዛ ገባች። ሰዓት ሠሪው እዚያ ወንድሙ ከተማ ሱቅ ከፍቷል፤ ደቃቃውን የሴት ሰዓት ሳይቀር ይጠግናል፤ እጁ እንደ ወትሮው ነው ይላሉ።

«ተመስገን» አለች ልብስ ሰፊዋ። ከልቧ ነው ያለችው። ከዚያ የጀመረችውን ቀሚስ ፊቷ ላይ ደፍታ አለቀሰች።