የጾመኛ አፍ

በሰንደራ መንግሥት፣ ንጉሥ አዝመሮን በነገሠበት ዘመን፣ የቅባት በዓል በዋለበት ማለዳ የናርዳ ከተማ የብር ፏፏቴ ንፍጥ ተፋ። የበዓሉ አለቆች የወርቅ ጽዋቸውን ይዘው ጎንበስ ሲሉ፣ ከብር አንበሳው አፍ ግራጫ፣ ዝልግልግ፣ የሞተ አይጥ የሚሸት ነገር ተንጠልጥሎ ወረደና በነጩ እብነ በረድ ላይ ተዘረረ። የናርዳ ሰው ሲደነግጥ አይጮኽም፤ አፍንጫውን በሽቱ መሐረብ ይሸፍናል። አደባባዩን የሞላው ሕዝብ ባንድ ጊዜ መሐረቡን መዘዘ፤ ቀድሞ የመዘዘውም ንጉሡ ራሱ ነበር።

ምልክቱን ለመፍታት ነቢይ አላስፈለገም። ከዳሞራ ተራራ ሥር፣ የወንዙ ምንጭ በሚፈልቅበት ዋሻ፣ ጉርጣም የሚባል ዘንዶ እንደሚኖር ሁሉም ያውቃል። ማንም አፍ አውጥቶ የማይናገረው ግን ዘንዶውን ማን እንዳሳደገው ነው። ናርዳዎች ንጹሕ ነን ባዮች ናቸው። ጠዋት ማታ ይታጠባሉ፤ ስብና ሽቱ የጠገበ እጣቢያቸውን ግን ከዓይናቸው ይራቅ እንጂ የትም ቢደርስ ግድ የላቸውም፤ በስልቻ አስጭነው ከዚያ ዋሻ ያስደፉታል። ጉርጣም ትል ሳለ ያንን መላስ ጀመረ፤ እየላሰም ወፈረ፤ ወፍሮም የምንጩን ጉሮሮ በሆዱ ደፈነው።

ከዚያ ምንጭ የምትጠጣው ናርዳ ብቻ አልነበረችም። ታች፣ በረግረጉ ዳር የሚኖሩት ሐሙራዎች ሌላ ውሃ የላቸውም። የእነሱ ሕፃናት ማስታወክ፣ ከዚያም መሞት ሲጀምሩ ናርዳ ወይን ጠጇን እየጠጣች ዝም አለች። ንጉሡን ከዙፋኑ ያስነሣው የሕፃናቱ ሬሳ ሳይሆን የመታጠቢያ ቤቶቹ መዘጋት ነው፤ መኳንንቱ ሳይታጠቡ ሰንብተው እርስ በርስ መሸታተት ጀምረው ነበርና።

እምራይ በዚያ ቤተ መንግሥት የምትኖር የሐሙራ ልጅ ናት። ሐሙራዎች ለታማኝነታቸው መያዣ በየንጉሡ ዘመን አንድ ልጅ ይሰጣሉ፤ ዕጣው በእሷ ወደቀና የወተት ጥርሷን ሳትጨርስ ለንግሥት ኤልሞራ ተሰጠች። ንግሥቲቱ ቅባት አስቀባቻት፤ አፏን ሸፍና መሳቅ አስተማረቻት፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ የገዛ ወገኖቿን መጸየፍ አስተማረቻት። ይህኛውን ትምህርት እምራይ ቶሎ ነው የያዘችው።

ሐሙራዎች የሚመርቁት በምራቅ ነው። የምንጩ ጌታ ዓለምን ሲፈጥር የመጀመሪያውን ውሃ በጾመኛ አፍ አኖረ ይላሉ፤ ስለዚህም ሐሙራ ሁሉ ይጾማል፤ መራቂ የሚባሉት ሽማግሌዎችም ከንጋት እስከ ጀምበር መጥለቂያ ቅጠል እንኳ ሳይቀምሱ ይውሉና በልጆች ራስ ላይ «እንትፍ፣ እንትፍ» ይላሉ። የናርዳ አዋጅ ይህን በሞት ቅጣት ከልክሎ ነበር። መራቂዎቹ እየተያዙ ሊያልቁ ደረሱ፤ እምራይም ነገሩ ትዝ ባላት ቁጥር እጇ ወደ መሐረቧ ይሄድ ነበር። ጾሙን ግን መተው አልሆነላትም። በምሥጢር ትጾማለች፤ ማዕድ ላይ ትቀርብና ጉርሻዋን ለውሻ ትጥላለች። የጾም አፍ እንደሚሸት ስለምታውቅም ከምላሷ ሥር ቅርንፉድ ትይዛለች። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ይባል የለ? እሷም ሁለት ባላ የተከለች መስሏት ነበር። በቅርንፉድ የተሻረ ጾም ግን ጾም አይባልም፤ ካልበላችበት ማዕድም አልጠገበችም፤ ከሁለት ያጣ ጎመን ሆና ኖረች።

አንድ ማለዳ መራቂ ዶንጎር በቤተ መንግሥቱ በር ቆሙ። የእምራይ እናት ወንድም ናቸው፤ ከመራቂዎችም የቀሩት እሳቸው ብቻ ነበሩ። ውሃ የቸገረው ንጉሥም አዋጁን ወደ ጎን ትቶ አስገባቸው፤ የእግራቸውን ጭቃ ሳያራግፉ ፊቱ ቀረቡና እንዲህ አሉ፦

«ንጉሥ ሆይ፣ ጉርጣም ዕውር ነው፤ ሰውን የሚለየው በማሽተት ነው። የእኛ ሰው ሲመጣ የጾም ትንፋሹ ከሩቅ ይደርሰዋልና አፉን ገጥሞ ጭቃ ውስጥ ይሰወራል። የእናንተ ሰው ሲመጣ ግን የለመደው እጣቢ መስሎት አፉን ይከፍታል። የሚገድለው ጉሮሮው ውስጥ የገባ የጾመኛ ምራቅ ነው። ገላው የእናንተን ቅባት የሚሸት፣ አፉ የእኛን ጾም የጾመ ሰው ስጡኝ።»

ንጉሡ እንግዲያው ሽማግሌውን ራሱን ቅቡት ብሎ አዘዘ። የናርዳ ቅባት ግን ከልጅነቱ ባልለመደው ገላ ላይ አይጸናም፤ ከዶንጎር ጀርባ ተንሸራትቶ ወለሉ ላይ ተጠራቀመ። ያን ጊዜ የሽማግሌው ዓይን ከደንገጡሮቹ መካከል እምራይን አገኘ።

«የእህቴ ልጅ፣ ትጾሚያለሽ?» አሏት።

አዳራሹ ሁሉ ዞሮ አያት። ንግሥቲቱ ቅንድቧን ሰቀለች። እምራይ እጾማለሁ ማለት አቃታት፤ መሬት መሬቱን እያየች እሄዳለሁ አለች ብቻ። ውሃውን ላምጣላቸው እንጂ ስለ አፌ ማን ይጠይቀኛል ብላ ራሷን አጽናናች።

ከበሩ ውጭ ዶንጎር ለብቻዋ ወሰዷትና አፏን እንድትከፍት ጠየቋት። መራቂ ከመሞቱ በፊት በወራሹ አፍ ውስጥ እንትፍ ይላል፤ የሐሙራ ምርቃት ከአፍ ወደ አፍ እንጂ በሌላ መንገድ አይወረስም። እምራይ ቢጫ ጥርሳቸውንና የደረቀ ከንፈራቸውን አየች፤ ወደኋላ ሸሸችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ሽማግሌው አልተቆጧትም፤ ቢቆጧት ይሻላት ነበር። የራሷ ምራቅም እንደሚበቃ፣ ብቻ እስከ ዋሻው ድረስ ጾሟን ሳታጎድል እንድትጠብቅ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ቅጠልም ቢሆን አፏ እንዳይገባ ነገሯት።

ሦስተኛ ሆኖ የተጓዘው ሳልቆን ነው፤ የዘበኞች አለቃ፣ የንግሥቲቱ የወንድም ልጅ፣ እምራይ በልቧ የምትወደው። ሰይፉን መዝዞ «ይህ ሰይፍ ከእጄ ሳይወድቅ የእምራይ ፀጉር አይነካም» ሲል ማለ። ዶንጎር ደግሞ «እስክንመለስ ወይም እስክንሞት አፋችን ለምንጩ ጌታ የተሰጠ ነው» ብለው አማሏት፤ እምራይም ቃሉን ደገመች።

መንገዱ ሁሉ ቆሻሻ ነበር። ወንዙ መፍሰስ ትቶ ይጎተታል። ሆዳቸው ወደ ላይ የተገለበጠ ዓሦች በዳሩ ተነባብረው ዝንብ እንደ ብርድ ልብስ ለብሰዋል። ዛፎቹ ለሃጭ ያንጠባጥባሉ፤ ከለሃጩም ዝማም የሚባሉ ፍጥረቶች ይፈለፈላሉ፤ ዓይን የሌላቸው፣ ጣት የሚያክሉ፣ ሰው ሲያልፍ ተስፈንጥረው ላቡን የሚልሱ። ሳልቆን አንዱን በሰይፉ ቢቆርጠው ሁለት ሆነበትና ተወው፤ ከዚያ ወዲያ መሐረቡን ከአፍንጫው አላነሣም። ዶንጎር ግን ጌታቸውን እያመሰገኑ «እንትፍ» ባሉ ቁጥር ዝማሞቹ ተኮማትረው ይወድቃሉ። እምራይ ይህን አይታ ደስ ሊላት ሲገባ አፈረች፤ ሳልቆን ሳቁን ሲይዝ አይታዋለችና።

ዋሻው በታየ ዕለት፣ ከቀትር በኋላ፣ ሳልቆን ከእምራይ ጎን ጎን መሄድ ጀመረ። ልጆች ሳሉ ከቤተ መንግሥቱ አትክልት ቦታ ስለሰረቁት ኮክ አነሣባት። እሷም መለሰችለት፤ ስትመልስለት ፊቱን ዘወር አደረገ። ትንሽ ነው ያደረገው፤ ምናልባትም ወፍ አይቶ ይሆናል። የእምራይ ፊት ግን በእፍረት ጋለ። እጇ ሳታዝዘው መቀነቷ ውስጥ ገባ። አንዲት ቅርንፉድ ምን ታደርጋለች ብላ ከምላሷ ሥር ወሸቀቻት።

የዋሻው ሽታ ለመናገርም ይቀፋል። የጽጌረዳ ሽቱ፣ የበሰበሰ ስብና ሬሳ አንድ ላይ ተቦክቶ ዓይን ያስለቅሳል። ጉርጣም ምንጩ ላይ ተጋድሟል፤ ቆዳው መግል ቋጥሮ አብጧል፤ በዕጥፋቱ መካከል የናርዳ ሰዎች ከራሳቸው ያጠቡት ፀጉርና እድፍ ተለጥፎበታል። ዶንጎርና ሳልቆን ከዋሻው በር ቀሩና እምራይ ብቻዋን ገባች። የቅባቷ መዓዛ ሲደርሰው ዘንዶው ራሱን አነሣ፤ ጥርስ የሌለው ሰፊ አፉንም ጡት እንደሚጠብቅ ሕፃን ከፈተ። ቀረበችና በሙሉ ኃይሏ ተፋችበት።

ጉርጣም ዋጠው። አጣጣመውም። ከዚያ ጨምሪልኝ ያለ ይመስል አፉን ይበልጥ ከፈተ።

እምራይ ወዲያው ገባት፤ ቅርንፉዷ አሁንም ከምላሷ ሥር ነበረች። ወደኋላ ስትሸሽ ዘንዶው ተወረወረ። ሳልቆን ዘሎ ሰይፉን ሆዱ ላይ ሰካ፤ ሰይፉ ስቡ ውስጥ እስከ እጀታው ሰጥሞ ቀረ፤ እሱም ለሃጩ ላይ ወድቆ እያስታወከ መነሣት አቃተው። ዶንጎር በመካከላቸው ገቡ። ጉርጣም የጾማቸው ትንፋሽ ሲነካው አፉን ከእሳቸው አሸሸ፤ በጅራቱ ግን ወገባቸውን ጠምጥሞ ጨመቃቸው። አጥንታቸው ሲሰበር ተሰማ።

«አፍሽ ውስጥ ምን አለ?» አሉ ዶንጎር፣ በቀረቻቸው ትንፋሽ።

«ቅርንፉድ ነው፣ አጎቴ። እንዳልሸት ብዬ ነው።»

ሽማግሌው አዝነውባታል፤ እሷም ማዘናቸውን አየች።

«ትፊው» አሏት። «ነይና አፍሽን ክፈቺ። የወራሽ አፍ በመራቂው ምራቅ ይነጻል። ዘንዶው ለእኔ አፉን አይከፍትም፤ ለአንቺ ግን ይከፍታል።»

መሸሽ ትችል ነበር። በሩ ቅርብ ነው፤ ናርዳ ውስጥም ማንም ለምን ተመለስሽ አይላትም፤ ታጥባ፣ ተቀብታ፣ እንደ ድሮው መኖር ትችላለች። ቅርንፉዷን ተፋች። መግል የሚያፈሰውን ጅራት ረግጣ ወጣች፤ የአጎቷን ራስ በሁለት እጇ ይዛ አፏን ከፈተች። ዶንጎር «የምንጩ ጌታ አፍሽን አፉ ያድርገው፤ እንትፍ» አሉ።

ትኩስ ነበር፤ ወፍራም፣ ደም የተቀላቀለበት፣ መራራ። ንግሥቲቱ ያስተማረቻት ሁሉ ትፊው ትፊው አላት። እናቷ የተመረቀችው፣ የእናቷም እናት የተመረቀችው በዚሁ እንደሆነ ለራሷ እየነገረች አፏን ገጥማ ያዘችው። ዘንዶው በቅባቷ ሽታ ሰክሮ መጣ። ጉሮሮው እስኪታያት ጠበቀችና «እንትፍ» አለችበት።

ጉርጣም ከውስጥ ይፈላ ጀመር። ቆዳው ተሰነጠቀና ዕድሜ ልኩን የላሰው እጣቢ ሁሉ በላያቸው ፈሰሰ። እምራይ አስታወከች፤ ሳልቆንም እንደገና አስታወከ፤ የዚያ ቀን ድል ይህን ይመስል ነበር። ከሬሳው ሥር ምንጩ ተፈታና ንጹሕ ውሃ እግራቸውን አጠበ። ዶንጎር ግን አላዩትም። እምራይ በመጀመሪያው ውሃ ገላቸውን አጠበች፤ ሳልቆን በእጁ ጉድጓድ ማሰላት፤ ከዋሻው አፋፍ ቀበሯቸው። ስለ ቅርንፉዷ ሳትደብቅ ነገረችው፤ ስለ ማን ብላ እንደያዘቻትም ጭምር።

ናርዳ ሲደርሱ መታጠቢያ ቤቶቹ ተከፍተው ነበር፤ እጣቢውም እንደ ድሮው በስልቻ እየተጫነ ይወጣል። እምራይን ከዘንዶው ሆድ ይልቅ ያስጠላት ይህ ነው። ንጉሡ ታላቅ ግብር አብልቶ፣ ከዙፋኑ ተነሥቶ እንዲህ አለ፦

«የናርዳ ቅባት ጉርጣምን ድል ነሣ። ሐሙራ የነበረችው ይህች ልጅ ከዛሬ ጀምሮ ልጄ ናት። አፏን በጽጌረዳ ውሃ ተጉመጥምጣ በቀኜ ትቀመጥ፤ ከማዕዴም ትብላ።»

አዳራሹ አጨበጨበ። ስለ ሽማግሌው አንድ ቃል አልተነሣም። የጽጌረዳው ውሃ በብር ሳህን፣ የጠቦቱም ጥብስ ከነጭሱ ቀረበላት። ከልጅነቷ ጀምሮ የተመኘችው ወንበር ይኸው ነበር፤ እምራይ ግን አልተቀመጠችም።

«ንጉሥ ሆይ፣ እኔ ጾመኛ ነኝ» አለች፤ ድምፅዋ እስከ በሩ ተሰማ። «ጉርጣምን የገደለው የአጎቴ የመራቂ ዶንጎር ምራቅ ነው። በእኔ አፍ ውስጥ እንትፍ አሉ፤ እኔም በዘንዶው አፍ ውስጥ እንትፍ አልኩ። አሳድጋችሁኛል፤ ቅባታችሁም በገላዬ አለ፤ አልክደውም። አፌ ግን የሐሙራ ነው፤ ደብቄው ስለኖርኩ አጎቴን ገደልኩ። እጣቢያችሁን ወደ ምንጩ መድፋት ካልተዋችሁ ሌላ ጉርጣም ይመጣል፤ ያን ጊዜ በምን አፍ ትጠሩኛላችሁ?»

ንግሥቲቱ መሐረቧን አነሣች። መኳንንቱ ተከተሏት፤ ወይዛዝርቱም፣ አሳላፊዎቹም፣ በሩን የሚጠብቁት ዘበኞችም አነሡ። እምራይ ያን ሁሉ ሐር ቆማ አየችው፤ ዕድሜዋን ሙሉ ስትፈራ የኖረችው ይህንን እንደሆነ ገባት። ሳልቆን ብቻ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀምጧል።

መራቂ ካደረበት ቤት ሳይመርቅ አይወጣም። እምራይ ወደ ዙፋኑ ወጣችና «የምንጩ ጌታ ልብ ይስጣችሁ፤ ውሃችሁን ንጹሕ ያድርግላችሁ፤ እንትፍ፣ እንትፍ» አለች። ምርቃቱ በንጉሡ ጢምና በንግሥቲቱ ግንባር ላይ አረፈ። ከዚያ በአዳራሹ መካከል አልፋ፣ ቁልቁል ወደ ሐሙራ በሚያወርደው በር ወጣች። አዋጁ ሞት ነው የሚለው፤ ዘበኞቹም ሊይዟት ይችሉ ነበር። ነገር ግን የሁሉም ሁለት እጅ አፍንጫው ላይ ነበር።