የአያ ፈንታሁን ሦስት ሽሽት

እመብርሃንን! ወላሂ! በሁለቱም ወገን ምዬ እጀምራለሁ፤ ከዚህ በታች ካለው ታሪክ አንዲት ቃል ሐሰት ብትገኝ ይህ ብዕር የያዘ እጄ እንደ እንጨት ይድረቅ። ዘመኑ ንጉሡ ከዙፋን የወረዱበት፣ ረሃቡ ግን ከትከሻችን ያልወረደበት ስልሳ ሰባት ዓመተ ምሕረት ነው። አገሩ ከደሴ ወዲያ ያለችው የቦረናዋ ከተማ መካነ ሰላም። እኔ ያን ጊዜ የከተማችን ቡድን፣ የቦረና ኮከብ፣ በረኛ ነበርኩ። በዘመኔ ያገባብኝ ሰው ቢቆጠር የአንድ እጅ ጣት አይሞላም፤ እሱም ፀሐይ ዓይኔን ስለወጋኝ ነው። ታሪኩ ግን የእኔ ሳይሆን የአሻግሬና የይርገዱ ነው።

አሻግሬ ማለት ደሴ ላይ በተጫወተባቸው አራት ዓመታት ስሙ ከወልድያ እስከ አስመራ የተናኘ አጥቂ ነው። አንድ ጊዜ በግራ እግሩ የመታት ኳስ መረቡን ቀድዳ ወጣች፣ ከኋላ የቆመች በቅሎ አስበረገገች፣ በሦስተኛው ቀን ጦሣ ተራራ ሥር ተገኘች። ጉልበቱ ሲከዳው ወደ ተወለደበት አገር ተመለሰና የቦረና ኮከብ ኃላፊ ሆነ። አሰልጣኙም፣ ገንዘብ ያዡም፣ የተቀደደች ኳስ ሰፊውም እሱ ነበር። የሚያዘው ገንዘብ ብቻ ጠፋ። ቡድኑን ያቋቋመው አንድ ባላባት ነበር፤ ለውጡ ሲመጣ ባላባቱ የገባበት ሳይታወቅ ቀረ፤ የማሊያው ሣጥንም አብሮት ቀረ። የተረፈን አንዲት ኳስ፣ ሁለት ጎልና የተራበ ቡድን ነው።

ይርገዱ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ስምንተኛ ክፍል ጨርሳ በእርዳታ እህል መጋዘኑ በር ላይ ጠረጴዛ ይዛ የተረጂ ስም ትጽፋለች። ከጧት ጀምሮ ከየገጠሩ የመጣ ሰው ፊቷ ይሰለፋል። ስም ትጠይቃለች፣ የቤተሰብ ብዛት ትጠይቃለች፤ ባለፈው ሳምንት ስድስት ያላት ሰው በዚህ ሳምንት አራት ሲላት እስክሪብቶው እጇ ላይ ይከብዳታል።

አንድ ቀን ከሰልፉ መሐል አንድ ረጅም፣ ትንሽ የሚያነክስ ሰው ተራው ደረሰ።

«ስም?» አለች ቀና ሳትል።

«የቦረና ኮከብ።»

«የቤተሰብ ብዛት?»

«አሥራ አንድ። ተጠባባቂ የለኝም።»

ይሄኔ ቀና አለች። የመጣው ለእህል አልነበረም። ባዶ የዱቄት ጆንያ ነበር የፈለገው፤ ነጩን፣ አቡጀዲውን፣ ለተጫዋቾቹ ቁምጣ ሊያሰፋበት። ይርገዱ ደሟ ፈላ። ሰው የሚቀምሰው አጥቶ በየመንገዱ እየወደቀ እሱ ቁምጣ ያምረዋል ወይ ብላ ሰልፈኛው እስኪሰማ ተቆጣችው።

አሻግሬ ቁጣዋን እስክትጨርስ ጠበቀና፣ «ልጆቹ ቤት ከዋሉ የሚያወሩት ስለ እህል ብቻ ነው» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሜዳ ከወጡ ግን የጎረቤታችንን የወግዲን ቡድን ስለማሸነፍ ያወራሉ። እኔ የምሰጣቸው ሌላ ምን አለኝ?»

ሁለቱ ሲተያዩ ሰልፉ ሁሉ ቆሞ ጠበቀ፤ እኔ በቦታው ነበርኩና ልመስክር፣ ከግማሽ ሰዓት አያንስም። ከዚያ አሥራ አንድ የተቀደደ ጆንያ ቆጥራ ሰጠችው፤ በገዛ ስሟም ፈረመችለት።

ከዚያ ቀን በኋላ አሻግሬ መጋዘኑ ሲዘጋ የማይመጣበት ቀን ጠፋ። የደከመ ሽማግሌ ካለ እህሉን ተሸክሞ እስከ መንገዱ ያደርስለታል፤ ተመልሶም ይርገዱን እስከ ሰፈሯ ይሸኛታል። እሷ ግን ከፍቅሩ ይልቅ ንዴቱ ሊገድላት ነበር። የጀመረው ወሬ ሁሉ መጨረሻው ቡድኑ ነው። አንድ ማታ ጠጉሯን ተሠርታ፣ ከእናቷ የቀረላትን ቀይ ሻሽ አስራ ወጣች። አሻግሬ ቆሞ አያት። ዓይኑን አልነቀለም። ስለ እሷ ሊናገር ነው ብላ ስትጠብቅ፣

«ይርገዱ» አላት በለሆሳስ፣ «ይሄ ሻሽ ለመስመር ዳኛ ባንዲራ እንዴት ያለ ነገር ይወጣው ነበር።»

እስከ ቤቷ ድረስ አላናገረችውም። በነጋታው ግን ሻሹን አጣጥፋ ላከችለት። ለምን እንደላከች ራሷም አታውቅም፤ ያም ራሱ አናደዳት።

እንግዲህ በእኛ አገር ልጅ ስለ ጋብቻዋ ለአባቷ ትንፍሽ አትልም፤ ነውር ነው። ጠያቂው ሦስት ሽማግሌ ይልካል። ሽማግሌዎቹ የመጡበትን ጉዳይ ለአባት እንጂ ለሌላ ለማንም አይነግሩም። ሦስት ጊዜ ይመላለሳሉ፤ በሦስተኛው መልስ ካጡ ነገሩ አለቀ፣ ያ ደጅ ዳግመኛ አይረገጥም።

አሻግሬም ሽማግሌ ላከ። የላካቸው ግን ሼህ ሱሌማንን፣ መምሬ ክንፈንና አያ አልታዬን ነው። ሦስቱ ደግሞ ማን ናቸው? የቦረና ኮከብ ኮሚቴ! ዓመቱን ሙሉ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ዘንጋቸውን ይዘው፣ በየቤቱ ለቡድኑ መዋጮ ሲለምኑ የኖሩ ሰዎች። ሦስት ነጭ ጋቢ በተርታ ሲመጣ ያየ የመካነ ሰላም ሰው በሩን ይቀረቅራል። ውሻ እንኳ ይደበቅ ነበር።

ከሁሉ የባሰ የተማረረው ደግሞ የይርገዱ አባት አያ ፈንታሁን ነው። አናጢ ነው። መጀመሪያ ለጎሉ ቋሚ ስጥ አሉት፤ ሰጠ። ቀጥለው ለተጠባባቂ መቀመጫ አግዳሚ አሉት፣ ተጠባባቂ ሳይኖር፤ ሰጠ። በሦስተኛው ጣውላ አልቆበት የማድ ቤቱን በር ነቅሎ ሰጣቸው። ከዚያ ወዲህ ጋቢ ባየ ቁጥር እግሬ አውጪኝ ነው።

በመጀመሪያው ቀን ሽማግሌዎቹ ከታች ብቅ ሲሉ አያ ፈንታሁን መጋዙን እንጨቱ ላይ እንደተሰካ ትቶ በጓሮ አጥር ዘለለ። አጥሩ ከሁለት ሰው ቁመት ይበልጣል፤ ሰውየው ስድሳ አምስት ዓመቱ ነው፤ ቢሆንም ዘለለ። ይርገዱ ከውስጥ ሆና ግንባሯን ያዘች። ሽማግሌዎቹ ለምን እንደመጡ ታውቃለች። እነሱም እንደምታውቅ ያውቃሉ። ግን መናገር ክልክል ነው።

«አባትሽ የለም?» አሉ ሼህ ሱሌማን።

«አሁን በአጥር ወጣ» አለች።

«አብሽሪ ልጄ፣ እንመለሳለን።»

ለሁለተኛ ጊዜ በገበያ ቀን መጡ። አያ ፈንታሁን ከሩቅ አያቸውና ወግዲ በሚሄድ የጭነት መኪና ላይ ተንጠለጠለ። ወግዲ ጉዳይ የለውም፣ ዘመድ የለውም፤ ሁለት ቀን አድሮ በእግሩ ተመለሰ።

በዚህ መሐል የይርገዱ አክስት እትዬ አስቻለች ሌላ ነገር ስታበስል ከርማ ነበር። ኩታበር ሦስት ሱቅና አንድ መኪና ያለው ነጋዴ አግኝታለች። የነጋዴው ሽማግሌዎች ከዳግማይ ትንሣኤ ማግስት፣ ሰኞ ይመጣሉ። እነሱን ደግሞ አያ ፈንታሁን የሚሸሽበት ምንም ምክንያት የለውም።

ይርገዱ ሜዳው ድረስ ሄደች። አሻግሬ ኳሷን ጉልበቱ ላይ አድርጎ እየሰፋ ነበር።

«ሽማግሌ ቀይር» አለችው።

«እነሱን ትቼ ሌላ ብልክ ይቀየሙኛል። ተቀይመው ኮሚቴውን ከለቀቁ ደግሞ ቡድኑ አለቀለት።»

«እኔ ካለቀልኝስ?»

ወስፌውን ኳሷ ላይ ሰካ፣ ነቀለ፣ መልሶ ሰካ። ከዚያ እሑድ በዳግማይ ትንሣኤ ከወግዲ ጋር ጨዋታ እንዳለ፣ ተመልካች ከመጣ መግቢያ እንደሚከፈል፣ መዋጮ መለመኑ እንደሚቀር፣ አባቷም ከዚያ በኋላ ከጋቢ እንደማይሸሽ ያስረዳት ጀመር። ትንሽ ሰማችው።

«አሻግሬ፣ ዕድሜህን ሙሉ ስትሮጥ ኖረህ የኛ ደጃፍ ብቻ ራቀህ» አለችው።

ልትሄድ ስትነሳ እጇን ያዛት። ክር የበላው፣ ሻካራ እጅ ነበር። አልነጠቀችውም፤ ግን ቀድማ የለቀቀች እሷ ናት።

ቅዳሜ ጧት ሽማግሌዎቹ ለሦስተኛና ለመጨረሻ ጊዜ መጡ። አያ ፈንታሁን በዚያ ሳምንት ወገቡን ስለያዘው አጥር መዝለል አልቻለም። ቤት ውስጥ ዞረ፣ ዞረ፤ ዓይኑ ጎታው ላይ አረፈ። ድሮ እህል ሲሞላበት አምስት ሰው ይውጥ የነበረ ጎታ በዚያ ዓመት ግን ባዶውን ቆሞ ነበር። ገባበት። ከውስጥ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ይርገዱን ዝም በይ አላት።

«አባትሽ አለ?» አሉ መምሬ ክንፈ ከደጅ።

ይርገዱ በሩ ላይ ቆመች። አለ ብትል አባቷ፣ ያ በከተማው የተከበረ አናጢ፣ ከባዶ ጎታ ውስጥ እየተጎተተ በሦስት ሽማግሌ ፊት ሊወጣ ነው። እንደዚያ ካዩት ያ ሰው ዳግመኛ ገበያ አይወጣም። የለም ብትል ደግሞ አሻግሬ አለቀ። ሼህ ሱሌማን በዓይናቸው ለመኗት። እሷም በዓይኗ ለመነቻቸው።

«የለም» አለች።

ሦስቱ ጋቢዎች ቁልቁል ሲወርዱ እስኪሰወሩ ቆማ አየቻቸው። አያ ፈንታሁን አቧራውን እያራገፈ ከጎታው ወጣና፣ «ተገላገልን! ደግሞ ምን ሊሉ ነበር?» አላት።

«እንጃ፣ አባዬ» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

እሑድ ሆነ። አርባ ሺህ ሕዝብ ሜዳውን ሞላው፤ ከተማው ውስጥ ሦስት ሺህ ሰው ይኖር ነበር፣ የቀረው ከየት እንደመጣ እሱ ፈጣሪ ይወቅ። ወግዲዎች እንደ ዝግባ የገዘፉ ነበሩ። እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ ባዶ ለባዶ ቆየን፤ ሰባ ሰባት ኳስ አድኛለሁ። ያን ጊዜ ተከላካያችን ሺፋ በረሃብ ራሱን ስቶ ወደቀ። ተጠባባቂ የለም። አሻግሬ ጉልበቱን በዚያ ቀይ ሻሽ አስሮ ገባ።

ይርገዱ ከሕዝቡ ዳር ቆማለች፤ ከሷ ወዲያ አንድ ባሕር ዛፍ ላይ፣ መግቢያ ላለመክፈል፣ አያ ፈንታሁን ተሰቅሏል። አሻግሬ ኳሷን ከራሳችን ጎል አፍ ላይ ተቀበለኝ። አንዱን አለፈ፣ አራቱን አለፈ፣ ሁለቱን ደግሞ ተመልሶ አለፋቸው። ከመሐል ሜዳ በግራ እግሩ መታት። ኳሷ የወግዲን በረኛ ይዛው ገባች። ሰማዩ ተሰነጠቀ ብል ማጋነን ይሆንብኛል፤ ብቻ ያን ቀን ዘነበ።

አያ ፈንታሁን ከዛፉ እንደምንም ወረደ፤ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜም ወደ ሦስቱ ጋቢዎች ሮጠ። «ምን ነበር ስትመላለሱ የከረማችሁት? ተናገሩ፣ ሰጥቻለሁ» አላቸው። ሼህ ሱሌማን እዚያው ሜዳው መሐል ቆመው ተናገሩ። የኩታበሩ ነጋዴ ሽማግሌዎች በማግሥቱ ሲደርሱ የሠርጉ ጭፈራ ላይ ደረሱ። ሺፋም ነፍስ ዘርቶ ከሁሉ በላይ ሲጨፍር አመሸ።

ይህን ሁሉ ጽፌ ለማሳተም ከመላኬ በፊት ይርገዱ ቤት ሄጄ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብኩላት። አሻግሬ ገበያ ወርዶ ነበር። ምስር እየለቀመች ሰማችኝ። ስጨርስ አልሳቀችም፣ አልተቆጣችምም። ቀና ሳትል ነው የተናገረችው።

«ያን ዓመት አንተ ደሴ ነበርክ። በረኛው ሺፋ ነበር። አሻግሬ ጆንያ የጠየቀኝ ለቁምጣ አይደለም፤ ሺፋን የምንከፍንበት አጥተን ነው። መጋቢት ላይ ቀበርነው። ከዚያ ወዲያ ጨዋታ የሚባል አልነበረም፤ ወግዲዎችስ በምን እግራቸው ይመጣሉ? ሽማግሌም የላከ የለም። አባቴ አጥር አልዘለለም፤ በተስቦ ወድቆ አልጋ ላይ ነበር። አሻግሬ በየቀኑ እየመጣ ያጥበዋል፣ ያገላብጠዋል። ስለ እኔ አንድ ቀን አንስቶ አያውቅም። አባቴ በሞተ በአርባው፣ ሰው ሁሉ ሲበተን፣ እሱም ጋቢውን አንስቶ ወጣ። እስከ ደጅ ተከተልኩትና ‹እንግዲህ እኔን ለማን ትተህ ነው?› አልኩት። አልሄደም።»