የሕሩይ የመጨረሻ ምሳ

ሳጅን ዱቤ ግቢው ሲደርስ ወይንሸት የወንድሟን ሸሚዝ እያጠበች ነበር። ሕሩይ ከጠፋ አስራ ዘጠኝ ቀኑ ነው። ሸሚዙን ማን እንደሚለብሰው አታውቅም፤ ግን ታጥባለች።

«ኦቦሌቲ፣» አላት መርማሪው፤ እህቴ ማለቱ ነው። «ስልክሽን አምጪልኝ። ያንን የወሬ ገበያ ላንብበው።»

የወሬ ገበያ ያለው «ሕሩይን እንፈልግ» የሚባለውን የቴሌግራም ቡድን ነው። ከኮሌጅ ሊመረቅ አንድ ወር የቀረው ልጅ ነቀምት ውስጥ ደብዛው ሲጠፋ አራት ሺህ ሰው መርማሪ ሆነ። አንዱ ወደ ኪራሙ ሲሄድ መንገድ ላይ ተወሰደ ይላል። ሌላው መርካቶ በዓይኔ አይቼዋለሁ ብሎ ይምላል። ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት ይባል ነበር፤ እነዚህ የጨመሩበት ግን ሌላ ወሬ ነው።

ቡድኑን የከፈተው መሸሻ ነው። ከሕሩይ ጋር ደብረ ብርሃን አብረው አድገው፣ እዚህም ቡርቃ ጃቶ ሰፈር፣ በዚሁ ግቢ አንድ ክፍል ተከራይተው ይኖሩ ነበር። ወይንሸት ከሸዋ የመጣች ዕለት መናኸሪያ ድረስ ወጥቶ «እታለም!» ብሎ አንገቷ ላይ ተጠምጥሞ አለቀሰ። በሰው አገር የአገር ልጅ ማግኘት እንዴት ያለ በረከት ነው ብላ ፈጣሪዋን አመሰገነች።

የባጃጅ ሹፌሩን ቢላልን የጠቆማትም መሸሻ ነው። የሕሩይ የመጨረሻ ስልክ ለቢላል የተደወለ ነበር። ቢላል «ደወለልኝ፣ ደጁ ላይ ቆሜ ጠበቅኩት፣ አልወጣም» ቢልም ማን ሰምቶት! መሸሻ «ሲሳፈር አይቻለሁ» አለ፤ ወይንሸትም ክሱ ላይ ፈረመች። የባጃጁን መስታወት ቡድኑ ውስጥ ፎቶውን ያዩ ጎረምሶች አደቀቁት። ሰውየው ከታሰረ አስራ ሁለት ቀኑ ነው፤ ነገ ፍርድ ቤት ይቀርባል።

ጡረታ ሊወጣ ጥቂት ወራት የቀረው ዱቤ መነጽሩን አድርጎ በጣቱ እየተከተለ አነበበ። አንዱ ጋ ሲደርስ ድምፁን ከፍ አደረገ፦

«‹የመጨረሻ ምሳችን። ሕሩዬ ከአጥሩ ሥር አንጮቴ የሚባለውን የወለጋ ሥራ ሥር በገዛ እጁ ቆፍሮ አወጣ። ልጠን፣ ቀቅለን፣ እየሳቅን በላን። ከዚያ ባጃጁ መጣ።› የጻፈው መሸሻ ነው?»

«አዎ። እኔም አልቅሼበታለሁ።»

«እኔን ግን ራበኝ፣» አለና ተነሳ።

የግቢው ባለቤት እትዬ ባዩሽ ጓሮ ነበሩ። አባታቸው ከጎጃም መጥተው እዚሁ የቀሩ፣ እሳቸው ነቀምት ተወልደው ነቀምት ያረጁ ሴት ናቸው።

«እትዬ ባዩሽ፣ አካም ቡልተን? እንዴት አደሩ? አንጮቴዎ የት ሄደ?»

ሴትዮዋ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። «ተወው ዱቤ። ኡኬ ከተማ ለልቅሶ ሦስት ቀን ሄጄ ስመለስ ተቆፍሮ አገኘሁት። መሸሻን ብጠይቀው ሕሩይ ነው አለኝ። የጠፋ ልጅ ስም በሥራ ሥር አላነሳም ብዬ ዋጥኩት።»

«አንጮቴው ስንት ዓመቱ ነበር?»

«አራት! የዘር እኮ ነው። ሐረጉ በየዓመቱ አጥሩ ላይ እየወጣ ፍሬ ይሰጠናል እንጂ ሥሩን ማን ይነካል?»

ሰኔ ነው፤ አጥሩ ሁሉ አረንጓዴ ሆኗል፤ አንድ ቦታ ላይ ብቻ የደረቀ ሐረግ ተንጠልጥሏል። ከሥሩ ትንሽ የጎመን መደብ አለ። መሐሉ ወደ ውስጥ ሰምጦ የዝናብ ውሃ አቁሯል።

«ጎመኑንስ ማን ተከለው?»

«መሸሻ፣ ይባረክ። ቦታው ባዶውን አይቅር ብሎ።»

«አረሙን የምነቅለው እኔ ነኝ፣» አለች ወይንሸት። ዱቤ አያት፤ ለረጅም ጊዜ አያት፤ ከዚያ ወደ ኮሌጁ ሄደ።

ከሰዓት በኋላ ሲመለስ ብብቱ ሥር ሁለት ጥራዝ ይዞ ነበር። ቢላልን እጁ እንደታሰረ ሁለት ፖሊሶች አመጡት። ወይንሸት ፊቷን አዞረችበት። መሸሻ አጠገቧ ተቀምጦ እጇን ያዘ።

«መሸሻ፣ እስቲ ምሳውን ንገረን፣» አለ ዱቤ።

«ስንት ጊዜ ልናገር? ሕሩይ ቆፈረ፣ ላጥን፣ ቀቀልን፣ በላን።»

«ልጣችሁ ቀቀላችሁ?» አሉ እትዬ ባዩሽ። «አንጮቴ ከነልጣጩ ነው የሚቀቀለው፤ የሚላጠው ሲበስል ነው። እዚህ አገር ሕፃንም ያውቃል!»

«እንግዶች ነን፣ በምን እናውቃለን?»

«አንተስ እንግዳ ነህ፣» አለ ዱቤ። «ሕሩይስ?» አንደኛውን ጥራዝ አነሳ። «ለኮሌጁ የገባ የምረቃ ጥናት ነው፤ ስለ አንጮቴ አተካከልና አበሳሰል። ሽፋኑ ላይ ያለው ስም መሸሻ ይላል። ይህ ደግሞ የሕሩይ መምህር ጋ የነበረው ረቂቅ። ከቃል ቃል አንድ ነው። የእጅ ጽሑፉን ታውቂዋለሽ ወይንሸት?»

ፊደል ያስቆጠረችው እሷ ናት። «የወንድሜ ነው፣» አለች።

«ከመጥፋቱ አንድ ቀን በፊት መምህሩ ‹ሥራህ በሌላ ሰው ስም ገብቷል› ብለው ነገሩት። በማግስቱ ለቢላል ደውሎ ኮሌጅ አድርሰኝ አለው። ሊከስ ነበር። ቢላል እውነቱን ነው፤ ልጁ ከዚህ ግቢ አልወጣም።»

መሸሻ የወይንሸትን እጅ ለቀቀ። «ወረቀት ገለበጥኩ ማለት ሰው ገደልኩ ማለት ነው?»

«አይደለም። ግን ገጽ አስራ አራትን ስማ። ‹ለዘር የተተወ ሥር ስለሚጠነክር ለምግብ አይቆፈርም። ከነልጣጩ ቀቅሎ መላጥን ያስተማሩኝ አከራዬ ናቸው።› ይህን የጻፈ ልጅ ያንን ሥር ቆፍሮ፣ ልጦ፣ ቀቀለ? የሰረቅከውን አንድ ጊዜ እንኳ አንብበኸው ቢሆን ሌላ ምሳ ትፈጥር ነበር።»

«ምሳ መፍጠር ለምን አስፈለገው?» አሉ እትዬ ባዩሽ።

«እርስዎ ከልቅሶ ሲመለሱ የተቆፈረውን አፈር እንደሚያዩ ስላወቀ።»

ወይንሸት ወደ ጎመኑ ዞረች። ዛሬ ጠዋት እዚያ ተንበርክካ ነበር።

«እታለም…» አለ መሸሻ። «መግደል አልፈለግኩም። ተጣላን፣ ገፋሁት፣ የበሩ ድንጋይ ላይ…»

«እታለም አትበለኝ!» ጮኸች። ከሞቱ ይልቅ ያቃጠላት ያ እንባ ነው። መናኸሪያ ላይ አንገቷን አቅፎ ሲያለቅስ ወንድሟ የት እንዳለ ያውቅ ነበር። ከእጇ ጎረሰ፣ ሻማ አብሯት አበራ፣ ቦታውንም እንድታርም ተዋት። የአገር ልጅ ብላ አምና፣ የማታውቀውን ሰው ባጃጅ አሰበረች።

ፖሊሶቹ መሸሻን ሲያስነሱት ዱቤ የቢላልን እጅ ፈታ። ከአጥሩ ውጭ ሐኪሙና ቆፋሪዎቹ ከመኪና ሲወርዱ ተሰማ። ወይንሸት ሄዳ ቢላል ፊት ቆመች።

«ይቅር በለኝ። የማውቀውን አምኜ አንተን ሳላውቅህ ፈረምኩብህ።»

ቢላል የእጁን አንጓ አሻሸ። «አስራ ሁለት ቀን ሙሉ ‹የት አደረስከው?› ሲሉኝ ነበር፣» አለ። «ይቅርታው ይቆየን እህቴ። መጀመሪያ ወንድምሽን እናውጣ።»

ቁፋሮው ሲጀመር ክንዷን ይዞ አጠገቧ የቆመው እሱ ነበር።