ከሦስት በኋላ ያለው ትንፋሽ

«ሚጣ፣ እስቲ ከሁለተኛው አንቀጽ ጀምረሽ አንብቢልኝ። ደግሞ ፈገግ በይ» አለ ማስታወቂያ ሠሪው።

ሚጣ ወረቀቱን አስጠጋች። አዲሱ አዳራሽ ገና ቀለም ቀለም ይሸታል። ከአንድ ሰዓት በኋላ ወንበሮቹን ሰው ይሞላቸዋል፤ እሷም የመሥራቹ ልጅ ናትና የስፖርቱን አጀማመር ታነባለች።

«የሞላ ስፖርት መሥራች ከሰባት ዓመት በፊት ወገባቸው ተጎድቶ አልጋ ላይ ዋሉ። ሐኪሞች ተስፋ ሲቆርጡ የአልጋ ሞላ ፈትተው በራሳቸው ላይ ሞከሩ። በስድስት ወር ተነሥተው ሄዱ።»

«አሪፍ ነው። ‹ተነሥተው ሄዱ› ላይ ቆም በይ፤ ሰው ያጨበጭባል» አለና ስልኩን እያነሳ ወጣ።

ሚጣ ብቻዋን ቀረች። አባቷ አንድም ቀን ወገቡን ታሞ አያውቅም።

አልጋ ላይ የዋለችው እናቷ ነበረች። ሚጣ የሰባት ዓመት ልጅ ሳለች እናቷ ከደረጃ ወድቃ ከወገቧ በታች አልታዘዝ አላት። አባቷ በያጅ ነበር። ከአንዱ ሐኪም ወደ ሌላው ሲንከራተት ከርሞ አንድ ጠዋት አሮጌ የሽቦ አልጋ ተሸክሞ መጣ። ሞላዎቹን ፈታ፤ እናቷ በተኛችበት አልጋ ግርጌ የብረት ዘንግ በየደ፤ ሞላዎቹን እዚያ ላይ አንጠልጥሎ በጨርቅ ከእግሯ ጋር አሰራቸው።

«እስቲ ግፊው» አላት።

«አንተ ሰውዬ፣ በር መሰልኩህ እንዴ?» አለችው። ሦስቱም እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

ቆጣሪዋ ሚጣ ሆነች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ስትል እናቷ ትንፋሽ ያጥራታል። ትንሽ ያርፋሉ፤ ከዚያ አራት። እየዋለ እያደረ እግሯ ጠንክሮ፣ ግድግዳ እየያዘች እስከ በሩ መድረስ ጀምራ ነበር። በሁለተኛው ክረምት ግን የሳንባ ምች ያዛትና በአሥረኛው ቀን ሞተች።

ከወራት በኋላ ወገቡን የሚያመው ጎረቤታቸው፣ አንድ ሹፌር፣ «እስቲ እኔም ልሞክረው» አለ። ተሻለው። ለሰው አወራ፤ ሰውም ለሰው። ዛሬ የስንቱ አዳራሽ ሰው ከሦስት በኋላ ትንፋሹን ይሰበስባል። አሠልጣኞቹ «ጡንቻ የሚያርፍበት ነው» ብለው ያስተምራሉ። የማን ትንፋሽ እንደነበር የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ሁለቱም ስለ እሱ ተነጋግረው አያውቁም።

ለነገሩ እነሱ ቤት ብዙ ወሬ የለም። አባቷ ቀኑን ሙሉ ለሰው ሲቆጥር ውሎ ድምፁ ተዘግቶ ይመጣል። ሚጣ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ብቻዋን ትበላለች፤ ሬዲዮውንም የምትከፍተው ቤቱ ውስጥ የሚናገር ነገር እንዲኖር ነው። የእናቷ አልጋ ሳይቀር ተወስዶ አዳራሹ መግቢያ ላይ ቆሟል። «መሥራቹ የተኙበት» ይላል ጽሑፉ። ይህንን ለክፍል ጓደኛዋ ብትነግራት «ፋዘርሽ እኮ ታዋቂ ነው፤ ምን ታካብጃለሽ?» አለቻት። ከዚያ ወዲህ ለማንም አልተናገረችም።

አባቷን ከመድረኩ ጀርባ ባለው ዕቃ ቤት አገኘችው። አዲሱን ሱፍ እንደለበሰ በርከክ ብሎ የመሣሪያ ብሎን ያጠብቃል።

«አባዬ፣ ይህንን አላነብም።»

ቀና አላለም። «ለምን?»

«ውሸት ነዋ።»

«ማንን ጎዳ? ሰው የሚመጣው መዳን ፈልጎ ነው። ሞታለች ብትያቸው መሣሪያው ላይ ማን ይተኛል?»

«የሞተችው በሳንባዋ ነው። እግሯማ እየዳነ ነበር።»

መፍቻውን የያዘው እጁ ቆመ። በዚያ በተዘጋ ድምፁ፣ «ያኔ ሹፌሩ ሲጠይቀኝ እውነቱን ልነግረው ነበር» አለ። «ስሟ ላይ ስደርስ መጥራት አቃተኝ። ‹ለራሴ ወገብ የሠራሁት ነው› አልኩት። ከዚያ ወዲያ እሱው ቀለለኝ።»

ሚጣ እስከ ዛሬ በዚያ ቤት ውስጥ ናፍቆት ያለባት እሷ ብቻ የሆነች ይመስላት ነበር።

«እዚያ ሁሉ ሰው መሀል ቁጭ ብዬ መስማት አልችልም፣ ሚጣ።»

«እንግዲያው አንተ እዚሁ ቆይ» አለችው። «ስጨርስ መጥቼ እጠራሃለሁ።»

አባቷ ፊቱን አዙሮ፣ ቀድሞውንም ጠብቆ የነበረውን ብሎን እንደገና ያጠብቅ ጀመር።

መድረኩ ላይ ስትወጣ አዳራሹ ሞልቷል። ማስታወቂያ ሠሪው ከፊት ወንበር ላይ ሆኖ ጀምሪ የሚል ምልክት ሰጣት። ወረቀቱን ገልብጣ አስቀመጠችው። ዓይኗን የምታሳርፍበት አንድ የምታውቀው ሰው ፈልጋ አጣች።

«እናቴ ከደረጃ የወደቀችው ማክሰኞ ዕለት ነው» አለች።

ከጀርባዋ፣ ከዕቃ ቤቱ ይሰማ የነበረው የመፍቻ ድምፅ ቆመ። ሚጣ ትንሽ ጠበቀችና ቀጠለች።