ዓይኑን የከደነለት እጅ

አቶ ሙሉሰው ከቤታቸው የድንጋይ ደረጃ ሥር ጭንቅላታቸው ተፈንክቶ ሞተው ተገኙ። ሰቆጣ ደግሞ ወሬ ይዛ አታረፍድም፤ ገና ቁርስ ሳይበላ «ገዳዩ ሸጋው የሚባለው ወጣት ነው» ተባለ። ለምን? ባለፈው ገበያ «አሥር ዓመት ፌዴሬሽን ምክር ቤት ተቀምጠው ምን አመጡልን?» ብሎ ጮኾባቸዋል። ዛሬ ጠዋት ደግሞ የወልድያው አውቶቡስ ላይ ተገኘ። በቃ፣ አሰሩት። ሥራ ፍለጋ የሚሄድ ልጅ ሁሉ ነፍሰ ገዳይ ከሆነማ ዋግ ውስጥ ማን ሊተርፍ ነው!

መርማሪዋ ኢንስፔክተር ምስራቅ አንድ ቦታ መቆም አይሆንላትም። አስከሬኑን ዞረችው፤ ወጣች፤ ተመልሳ ገባች። ሰውነታቸው ደርቋል። ዓይናቸው ተከድኗል፣ እጃቸው ደረታቸው ላይ ተጣጥፏል፣ የእግራቸው አውራ ጣቶች በአረንጓዴ ክር ታስረዋል።

«ማን ነው የገነዛቸው?»

ከአምደወርቅ በጠዋቱ ሚኒባስ የደረሱት ባለቤታቸው ወይዘሮ ተዋበች እንባቸውን ጠረጉ። «እንጃ ልጄ፣ ስደርስ እንዲሁ ነበር። ዓይኑን የከደነለትን እጅ እግዜር ይባርከው።»

«ሰሞኑን የሚያስጨንቃቸው ነገር ነበር?»

«ያ ወንበር ነዋ! ‹እጅ አውጡ ሲሉኝ አወጣሁ፤ የአገሬን ጥያቄ ግን አንድ ቀን አላነሳሁም› እያለ ሲንቆራጠጥ ያድራል። ዛሬ ተተኪውን በሚጠቁሙት ሽማግሎች ፊት ይህንኑ ሊናገር ነበር።»

አስከሬኑን ያገኘው የአቶ ሙሉሰው የአክስት ልጅ፣ የሻምበል ነው። ያንን ወንበር በተራው የሚጠብቀው እሱ ነው።

«ማለዳ መጣሁ፣ ወድቆ አገኘሁት፣ ጮህኩ» አለ። «ፖሊስ ሳይመጣ አይነካም ብዬ ጣቴን አላሳረፍኩበትም።»

ከሰዓት በኋላ ድንኳኑ በለቀስተኛ ሞላ። ምስራቅ ሸጋውን በካቴና አስመጣችና መሐል ላይ ቆመች።

«አስከሬን ከደረቀ በኋላ እጁ እንዲህ በቀላሉ አይታጠፍም» አለች። «የገነዛቸው ሰው ማታውኑ፣ ገና ሳይቀዘቅዙ አብሯቸው ነበር ማለት ነው። ሸጋው ነው እንበል። በንዴት የገደለ ባዳ እግሬ አውጪኝ ይላል እንጂ ቁጭ ብሎ ጣት ያስራል?»

«አያስርም» አሉ አንድ ሽማግሌ።

«ይህ የዘመድ ሥራ ነው። ወይዘሮ ተዋበች ደግሞ አምደወርቅ ነው ያደሩት፤ ያሳደሯቸው ሰዎች እዚሁ ተቀምጠዋል። ክሩስ? ለቀስተኛው ሁሉ ኩታውን ዘቅዝቆ ጥለቱን ወደ አንገቱ አድርጓል። አቶ የሻምበል ብቻ ወደ ውስጥ አጥፈውታል። እስቲ ይግለጡት።»

የሻምበል ኩታውን አጥብቆ ያዘ። ሽማግሌው ጎተቱት። ጥለቱ አረንጓዴ ነው፤ ከዳሩ ክር ተመዝዟል። ገና ሳይመረጥ፣ ለምክር ቤቱ መክፈቻ ብሎ ያሠራው ኩታ ነበር።

«‹ወንበሩ አፍ ያስይዛል፤ አንተንም እንዳይልኩህ እነግራቸዋለሁ› አለኝ» አለ የሻምበል። «ገፋሁት። አንዴ ብቻ ነው የገፋሁት! ታዲያ ዓይኑ እንደተገለጠ ጥዬው ልሂድ? ወንድሜ እኮ ነው!»

የሸጋው ካቴና ተፈታ። እናቱ ከድንኳኑ ጥግ እልል ልትል ብላ አፏን በእጇ ያዘች።

ወይዘሮ ተዋበች ተነሥተው የሻምበልን ቀኝ እጅ ያዙ፤ አገላብጠው አዩት።

«ጠዋት መርቄህ ነበር» አሉት። «አሁን ምርቃቴን እንዴት አድርጌ ልመልሰው?»