ሌላ በክፍሉ ያለ ሰው

ምንትዋብ ታፈሰ ዓርብ ከምሳ መልስ፣ ስምንት ሰዓት ላይ ወንበሯን ስባ ስትቀመጥ በልቧ የያዘችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አሥር ተኩል ሲሆን ናርዶስን ከመዋዕለ ሕፃናት ማውጣት። ትናንት ዘግይታ፣ የአምስት ዓመት ልጇን ከዘበኛው ጋር በር ላይ ቆማ፣ ዓይኗ በልቅሶ አብጦ ነበር ያገኘቻት። ማታ አቅፋት ስታስተኛት “ነገ አልዘገይም፣ እናቴ ትሙት” ብላ ምላላታለች።

የምትሠራበት ክፍል ድሮ የክሊኒኩ ራጅ ማንሻ ነበር። መስኮት የለውም። ግድግዳው ጨረር እንዳያሳልፍ ተብሎ የተደፈነ ስለሆነ የመንገዱ ጩኸትም ሆነ የስልክ ኔትወርክ አይደርስበትም፤ ከባዱ በር ሲዘጋ ጆሮ ውስጥ ውኃ የገባ ያህል ዝም ይላል፣ ከወለሉም ስንት ጊዜ ቢታጠብ የማይለቅ የድሮ ፊልም ማጠቢያ ኮምጣጣ ሽታ ይነሣል። ምንትዋብ ግን ለምዳዋለች። ዶክተር ገመቹ በቪዲዮ ከክፍለ ሀገር ሕመምተኞች ጋር ያደረገውን ምርመራ የተቀዳ ድምፅ በጆሮ ማዳመጫ ትሰማና ለመድን ድርጅቱ የሚላከውን የክፍያ ቅጽ ኮምፒውተር ላይ ትሞላለች። በምስል ነበር ወይስ በድምፅ ብቻ፣ ስንት ደቂቃ ፈጀ፣ ሕመምተኛው የት ሆኖ ተናገረ፣ ሌላ በክፍሉ ያለ ሰው ማን ነው። አንዷ ከጎደለች ቅጹ አይዘጋም። የመጨረሻዋ በተለይ ታስቃታለች፤ በኛ አገር ለጉንፋን እንኳ ጎረቤቱ ሁሉ አልጋ ከቦ ስለሚቀመጥ፣ አንዳንዱን ቅጽ ስትሞላ የዕድር መዝገብ የምትጽፍ ይመስላታል።

የመጀመሪያው አላስተኛ ያለ ሳል የያዘው የወልዲያ ሰውዬ ነበር።

“ሌላ ሰው አብሮዎት አለ?” አለ ዶክተሩ እንደ ልማዱ።

“አንዲት ሴትዮ አለች።”

“ምንዎ ናት?”

“እኔ እንጃ። እናንተ የላካችኋት መስሎኝ።”

ዶክተሩ ሳቅ ብሎ ወደ ሳሉ ተመለሰ። ቅጹ ግን ስም ካልገባልኝ ሞቼ እገኛለሁ አለ። ምንትዋብ በሩን ገርበብ አድርጋ የመዝገብ ቤት ኃላፊዋን ሲስተር አልጋነሽን ጠየቀቻቸው።

“የራስሽን ስም አስገቢና ዝጊው” አሏት ሲስተር፣ ከስልካቸው ቀና ሳይሉ። “ሁላችንም እንደዛ ነው የምናደርገው።”

አስገባች። ቅጹም ተዘጋ።

ሁለተኛዋ ከጊንጪ የደወለች ወገቧን የሚያማት ሴት ናት፤ እሷም ጥግ ላይ ተቀምጣ የምትጽፍ ሴትዮ አለች አለች። ሦስተኛው ሴትዮዋ ጆሮዋ ላይ የሆነ ነገር ደፍታለች አለ። ምንትዋብ በሁለቱም ላይ ስሟን አስገባች፣ እጇ ግን መዘግየት ጀምሯል። ከሕመምተኞቹ ትንፋሽ ኋላ፣ ከዶሮው ጩኸትና ከደጁ ንፋስ ኋላ፣ በየቅጂው ውስጥ አንድ ስስ የኮምፒውተር ቁልፍ ኳኳታ ይሰማታል፤ የራሷ ይሆን ብላ ጣቷን ስታነሣ እዚያም ያለው ኳኳታ ያቆማል።

አራተኛዋ አሮጊት ነበሩ። “ግራጫ ሹራብ ለብሳለች፣ ክርኑ የተተረተረ” አሉ።

ምንትዋብ ክርኗን በእጇ ሸፈነች።

“አሁን ደግሞ ሸፈነችው” አሉ አሮጊቷ። ድምፁ የተቀዳው ባለፈው ማክሰኞ ነው።

ፈራች፤ እንዲህ ፈርታ አታውቅም። ማዳመጫውን ወርውራ በሩን ስትከፍተው ኮሪደሩ የለም። የላምባና የታመመ ሰው ላብ ሽታ የያዘ ጨለማ ክፍል ነው፤ ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ይወርዳል፣ አልጋው ላይ አንድ ሰው በስልክ ብርሃን ላይ አቀርቅሮ ያቃስታል። ሰውዬው ቀስ ብሎ ወደ እሷ ቀና ማለት ሲጀምር በሩን መልሳ ዘጋችው። ደግማ ስትከፍተው ሌላ ክፍል፣ ሌላ አልጋ፣ ሌላ ትንፋሽ ነበር። ሲስተር አልጋነሽን ጠራቻቸው፣ ጉሮሮዋ እስኪነቃ ጠራቻቸው፤ ድምፅዋ ግን ግድግዳው ጋ ሲደርስ ይሞታል።

የቀሩትን ፋይሎች ብጨርስ ይለቀኝ ይሆናል ብላ ማዳመጫውን አንሥታ ተመልሳ ተቀመጠች፣ ሌላ የሚታሰብ ነገርም አልነበራት። ሰባት ቀርተዋል ይላል ኮምፒውተሩ። ስሟን መጻፍ ብትተወውም እሷ ሳትነካው ቦታው ላይ ተሞልቶ ይጠብቃታል። አንዱን ስትዘጋ ሌላ ይከፈታል፣ የቀሩት ግን ሁሌም ሰባት ናቸው። ቀኖቹም እየገፉ ሄዱ፤ ጠዋት ከቤት ስትወጣ ጥቅምት ነበር፣ ፋይሉ ጥር አለ፣ ሰኔ አለ፣ ከዚያ ዓመቱም ተለወጠ። ናርዶስ በር ላይ ቆማ እየጠበቀችኝ ነው እያለች፣ እንባዋን በሹራቧ እየጠረገች፣ ቶሎ ቶሎ ጻፈች።

ከዚያ ማዳመጫው ውስጥ ባሏ ይርጋለም ተናገረ።

“ልጄን ነው ዶክተር፣ ትኩሳቱ አልበርድ አላት።”

“ስሟና ዕድሜዋ?”

“ናርዶስ ይርጋለም። ሰባት ዓመቷ ነው።”

“እናቷ አብራችሁ ናት?”

“እናቷ ከሥራ ሳትመለስ ቀረች። ሁለት ዓመት ሆነ።”

“ሌላ ሰውስ?”

“ማንም የለም።”

“አለች” አለች ናርዶስ በደከመ ድምፅ። “ሴትዮዋ።”

ምንትዋብ ከወንበሯ ተነሣች። የልጅቷ ትንፋሽ አሁን የሚመጣው ከማዳመጫው አልነበረም፤ ከፊት ለፊቷ፣ ከጨለማው ውስጥ ነበር፣ ትኩሳትና የልጅ ፀጉር ቅባት እየሸተተ። ልቧ በደስታ ዘለለ። ሁለት እርምጃ ሄዳ እጇን ዘረጋች።

“ናርዲዬ” አለች።

“አባዬ” አለች ልጅቷ እየተንቀጠቀጠች፣ “ወደኔ እየመጣች ነው፤ አስወጣልኝ።”

ምንትዋብ ልጇን ላለማስፈራት ቀስ ብላ ወደ ኋላ ሸሸች፣ ወንበሯ ላይም ተቀምጣ የናርዶስ ልቅሶ ጋብ እስኪል ድረስ ቀና ሳትል ጻፈች።